አርሊንግተን ላሉት የእሽግ ባለሙያ ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ!

ሰላም ወገኖች። በተለይ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያላችሁ ይህን አንብቡልኝ። ረጅም ወይም ከባድ ዕቃ በፖስታ የምትልኩ ከሆነ፣ ኮሎምቢያ ፓይክ ላይ ትንሽ የእሽግ ሱቅ ያላቸው አንድ አባት አሉ። እሳቸው ጋ ሂዱ። እኔ ሌላ ቦታ ተንከራትቼ ነው የማወራው።

ባለቤቴ አዳኝ ነው። አጋዘን የሚያድንበት ጠመንጃ አፈሙዙ፣ ጥይቱ የሚያልፍበት ረጅሙ ብረት ማለቴ ነው፣ ለብቻው ተፈቶ ኬንታኪ ላለ ጠመንጃ ጠጋኝ መላክ ነበረበት። እዚያ ምን እንደሚሠሩለት ደጋግሞ አስረድቶኛል፣ አሁንም አልገባኝም። የገባኝ ኖቬምበር አጋማሽ ላይ አደኑ ሲከፈት ተመልሶ መድረስ እንዳለበት ነው። ጾመ ነቢያት ደግሞ ኅዳር 15 ይገባል፤ ሥጋውን የምንበላባት ጊዜ ጠባብ ናት። እሱ የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ መንገድ ላይ ነው፣ መላኩ እኔ ላይ ወደቀ።

መጀመሪያ የሄድኩበት ቦታ፣ ስሙን አልጠራም፣ "እኛው እናሽግልሻለን" ብለው ገንዘቡን ተቀበሉኝ። የካርቶን ቱቦ ውስጥ ከተቱት፣ ወረቀት ጠቀጠቁበት፣ ክዳኑ ላይ አንድ ዙር ፕላስተር። በቃ። ብረቱ መንገድ ላይ ክዳኑን በስቶ ወጣና ቱቦው ተቀዳዶ ተመልሶ መጣልኝ። ጫፉ ተፍቋል። ባለቤቴ በስልክ ፎቶውን ሲያይ ዝም አለ። ጥይቱ የሚወጣበት ጠርዝ ትንሽ ከተጎዳ ኢላማ ይስታል አለኝ። ካሳ ስጠይቅ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? "በአግባቡ አልታሸገም።" ያሸጉት እኮ እነሱ ናቸው! እስከ ዛሬ ሳስበው ያቃጥለኛል።

ሁለተኛው ቦታ ባሰ። ልጁ ምን እንደምልክ ስነግረው ወደ ኋላ አፈገፈገ። ድምፁን ከፍ አድርጎ "ጠመንጃ ይዘሽ ነው የገባሽው?" ሲል የተሰለፈው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። በዚህ አገር አክሰንት ላላት ጥቁር ሴት ይህ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ላስረዳው አፌን ስከፍት በሩን አሳየኝ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ።

ከዚያ አንዲት የቤተ ክርስቲያን እህቴ ናት ጋሼን የጠቆመችኝ። ስደርስ ሱቁን ሊዘጉ ነበር። ምን እንደያዝኩ ስነግራቸው ግን ፊታቸው እንኳን አልተለወጠም። "መለያ ቁጥር ያለበት ዋናው አካሉ አብሮ አለ? ጥይትስ?" አሉኝ። የለም አልኩ። "እንግዲያው አትጨነቂ ልጄ። በዚህ አገር ሕግ ጠመንጃ የሚባለው ቁጥር ያለበት ክፍል ነው። ይሄንን ፖስታ ቤት ይቀበለዋል። ጥይት ቢሆን ግን አይሆንም። ወደ ውጭ አገር ከሆነም ሌላ ሕግ አለው፣ እኔ ጋ አታምጪው።" ስንት ቀን ያስጨነቀኝን ነገር በደቂቃ ገላገሉኝ።

ጫፍና ጫፉን በወፍራም ጨርቅ ጠቀለሉ። ብረቱ በገዛ ክብደቱ ክዳኑን እንዳይበሳ ለሁለቱም ጫፍ እንጨት በልኩ ቆርጠው አስገቡ። ካርቶን አልነኩም፤ ወፍራም የፕላስቲክ ቧንቧ ውስጥ ከተው ግራና ቀኙን ደፈኑት። ከዚያ ጆሯቸው አጠገብ ይዘው ነቀነቁት። ኳ አለ። ለእኔ ይበቃ ነበር። እሳቸው ግን "ድምፅ ካለው ይንቀሳቀሳል፣ ከተንቀሳቀሰ መውጫ ይፈልጋል" ብለው ያሸጉትን ሁሉ ፈተው እንደገና ጀመሩ። የመዝጊያ ሰዓታቸው አልፏል። ማንም አላዘዛቸውም። ጭጭ እስኪል ድረስ ደጋግመው አሸጉት።

እጃቸውን ሳይ አባቴ ትዝ አለኝ። ጎጃም እያለን ምንሽሩን እንደ ሕፃን ነበር በጨርቅ የሚጠቀልለው። እኛ ልጆቹ አጠገቡ አንደርስም ነበር። አባቴን ከቀበርኩ ወዲህ የሰው ዕቃ እንዲህ አክብሮ የሚይዝ ሰው አላየሁም፣ እውነቴን ነው።

ፖስታ ቤት ከ22 ኢንች በላይ ለረዘመ ጥቅል ተጨማሪ እንደሚያስከፍልም አስቀድመው ነገሩኝ፣ ሒሳቡን ሳይ እንዳልደነግጥ። ለእንጨቱና ድጋሚ ላሸጉበት ግን አምስት ሳንቲም አልቀበልም አሉ። ብለምናቸውም እምቢ! በሳምንቱ ደግሞ ራሳቸው ደወሉ። "ደረሰ ወይ ልጄ?" የትኛው ድርጅት ነው ደውሎ የሚጠይቃችሁ?

ደርሷል፣ ጭረት ሳይነካው። ጠጋኙ እንዲህ የታሸገ ዕቃ አይቶ እንደማያውቅ ለባለቤቴ ነገረው። ያ የተፋቀ ጫፍም ተስተካከለ፣ መልሶ የላከውም በዚያው በጋሼ ቧንቧ ነው። አደኑ ሳይከፈት እጃችን ገባ።

ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ልጆችዎን ይባርክልኝ። ወገኖች፣ እባካችሁ ሂዱላቸው። ክራርም ይሁን መስታወት፣ የእናታችሁ የሸክላ ድስትም ይሁን ይዛችሁ ሂዱ። ሊዘጉ ሲሉ አትድረሱባቸው፣ እምቢ ማለት አይችሉምና ያመሻሉ። አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ወዲያው እልካለሁ። ዋጋ ሊከራከራቸው የሚሄድ ሰው ግን ከእኔ አድራሻ አያገኝም።