የሰው ቪዲዮ ስንጠቀም የባለቤቱን ስም የሚጠብቅልን የትኛው ነው? ዩቲዩብ፣ ዊኪሚዲያ ኮመንስ፣ ቲክቶክና ቴሌግራም ሲመዘኑ

«ምንጭ፦ ሶሻል ሚዲያ» የሚለው ጽሑፍ በአማርኛ ቪዲዮዎች ግርጌ የተለመደ ሆኗል። ማን እንደቀረጸው አይናገርም፤ ተመልካቹ ዋናውን ላግኝ ቢልም የትም አያደርሰውም። እንዲህ የሚጽፍ ሁሉ ሆን ብሎ ስም ይደብቃል ማለት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ቪዲዮው እጁ ሲገባ ስሙ ቀድሞ ጠፍቷል። ስለዚህ አገልግሎቶቹን የመዘንናቸው በአንድ ጥያቄ ነው፦ የባለቤቱ ስም ከቪዲዮው ጋር አብሮ ይጓዛል ወይስ መንገድ ላይ ይቀራል?

ዩቲዩብ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባለቤቶች ቪዲዮዋቸውን በክሪኤቲቭ ኮመንስ፣ ማለትም ሌሎች ሥራቸውን እንዲጠቀሙበት አስቀድሞ በሚፈቅድ ክፍት ፈቃድ እንዲለቁ ያስችላል። ፈቃዱ «ሲሲ ባይ» የሚባለው ነው፤ ስም እስከጠራችሁ ድረስ መቁረጥ፣ መቀጠልና ለገቢ መጠቀም ይቻላል። ለማግኘት የምትፈልጉትን ጽፋችሁ ፊልተሩን ክፈቱና ክሪኤቲቭ ኮመንስን ምረጡ። ከዚያ በኮምፒውተር የቪዲዮውን መግለጫ እስከ ታች ዘርግታችሁ የፈቃዱ መስመር መኖሩን ተመልከቱ። መስመሩ ከሌለ ቪዲዮው በመደበኛው የዩቲዩብ ፈቃድ ስር ነው፤ ስም መጥራት ብቻውን የመጠቀም መብት አይሰጥም። መስመሩ ካለም ቀኑ በሚታይበት ሁኔታ ስክሪንሾት አንሱ። ባለቤቱ ነገ ምርጫውን ቢቀይረው እናንተ የወሰዳችሁበት ፈቃድ አይሻርም፤ ማስረጃ ግን ያስፈልጋችኋል።

ፍለጋው ደህና ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ ግን በእናንተ ጫንቃ ላይ ይወድቃል። በ2017 እ.ኤ.አ. የተዘጋው የዩቲዩብ ቪዲዮ ኤዲተር የተቀናበሩትን ቪዲዮዎች ምንጭ ራሱ ይዘረዝር ነበር፤ ዛሬ ይህን የሚሠራ የለም። ፋይሉን ማውረጃ ቁልፍም አልተሰጠም። የዩቲዩብ የአጠቃቀም ደንብ ያለ ፈቃድ ማውረድን ስለሚከለክል፣ ትክክለኛው መንገድ ባለቤቱን ፋይሉን ላክልኝ ብሎ መጠየቅ ነው። ለዳግም አጠቃቀም የተፈቀደን ቪዲዮ ማውረጃ አለማበጀት ትልቅ ጉድለት ነው።

ከዚህ የሚብሰው የሐሰት ፈቃድ ነው። ማንም ሰው የቴሌቪዥን ጣቢያ ፕሮግራም ወይም የሌላ ሰው ኮንሰርት ጭኖ «ሲሲ ባይ» ብሎ ሊመርጥበት ይችላል። መብቱ የሌለው ሰው የሰጠው ፈቃድ ዋጋ የለውም፤ ስትራይኩ፣ ማለትም ዩቲዩብ ለቅጂ መብት ጥሰት የሚሰጠው ቅጣት፣ የሚመጣው እናንተ ቻናል ላይ ነው፤ በ90 ቀን ውስጥ 3 ከደረሰ ደግሞ ቻናሉ ሊዘጋ ይችላል። ከመውሰዳችሁ በፊት ጥግ ላይ ያለው ሎጎ ከቻናሉ ስም ጋር መግጠሙን፣ ምስሉ እንደ መስታወት አለመገልበጡን፣ ያው ቪዲዮ ቀደም ባለ ቀን ሌላ ቦታ አለመጫኑን እዩ። ከጀርባ የታወቀ ዘፈን ከተሰማ የምስሉ ፈቃድ ዘፈኑን አያካትትም።

ክሬዲቱ፣ ማለትም ባለቤቱን የምትጠሩበት ጽሑፍ፣ ርዕስ፣ የባለቤት ስም፣ ሊንክና ፈቃድ ይይዛል፤ የለወጣችሁት ነገር ካለም ይጠቀሳል። ለምሳሌ እንዲህ፦

«ከ2:10 እስከ 2:38 ያለው ምስል፦ የጀበና ቡና አፈላል፣ የቻናሉ ስም፣ የቪዲዮው ሊንክ፣ በሲሲ ባይ ፈቃድ፣ የፈቃዱ ሊንክ። ተቆርጧል፤ ድምፁ ተቀይሯል።»

ሰዓቱ በእናንተ ቪዲዮ ላይ ያለው ነው፤ አምስት ምንጭ ከተጠቀማችሁ የትኛው ምስል የማን እንደሆነ የሚለየው እሱ ነው። ሊንኩ የቪዲዮው እንጂ የቻናሉ አይሁን፤ መቶ ቪዲዮ ያለው ቻናል ውስጥ ተመልካቹን መልቀቅ ምንጭ መጥቀስ አይደለም። የዩቲዩብ መግለጫ 5,000 ፊደል ስለሚይዝ ቦታ የለም ማለት አያስኬድም። ከመግለጫው ሌላ ምስሉ በሚታይበት ጊዜ ስሙን እዚያው ላይ ጻፉት፤ ሰው ቪዲዮውን አውርዶ ሲያሰራጭ መግለጫው አይከተለውም። በቁም ቪዲዮ ላይ ግርጌውንና የቀኝ ጠርዙን የአፑ ቁልፎች ስለሚሸፍኑት ስሙን ወደ ላይ አድርጉት።

ሾርትስ በሚባሉት የዩቲዩብ አጫጭር ቪዲዮዎች ላይ ሌላ ችግር አለ። ከነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ በሾርትስ መግለጫ ውስጥ የሚጻፍ ሊንክ ሲነካ አይከፈትም። ስለዚህ እዚያ ከሌላ ቪዲዮ ወስዶ ለመሥራት ሪሚክስ የሚለውን ቁልፍ መጠቀም ይሻላል፤ ወደ ዋናው ቪዲዮ የሚወስደውን ሊንክ ራሱ ያስቀምጣል።

ከአራቱ አንደኛ የምንለው በነፃ ፈቃድ የተለቀቁ ምስሎችና ቪዲዮዎች የሚከማቹበትን ዊኪሚዲያ ኮመንስን ነው። ፋይሉ ይወርዳል፣ ፈቃዱ እዚያው ገጽ ላይ ተጽፏል፣ ተገልብጦ የሚለጠፍ የክሬዲት ጽሑፍም ተዘጋጅቶ ይሰጣል። ቪዲዮው አብዛኛውን ጊዜ በዌብኤም ፎርማት ስለሚመጣ አንዳንድ የስልክ ኤዲተሮች አይከፍቱትም፤ ወደ ኤምፒ4 መቀየር ይጠይቃል። ስለ ኢትዮጵያ ያለው ክምችትም ከዩቲዩብ ጋር አይወዳደርም። ፈቃዱ «ሲሲ ባይ ኤስኤ» ከሆነ ቀይራችሁ ያቀናበራችሁትን በዚያው ፈቃድ የመልቀቅ ግዴታ አለባችሁ። ዩቲዩብ ይህን ፈቃድ በምርጫው ውስጥ ስላላስገባ በመግለጫው ውስጥ ራሳችሁ ጻፉት።

ቲክቶክ በራሱ ቁልፎች እስከሠራችሁ ድረስ ጥሩ ነው። ስቲች ከሌላው ሰው ቪዲዮ አጭር ክፍል ወስዶ በእናንተ ላይ ይቀጥላል፣ ዱዌት ሁለቱን ጎን ለጎን ያሳያል፤ ሁለቱም የባለቤቱን ስም ራሳቸው ያስገባሉ። ስሙ የሚጠፋው ቪዲዮው ሲወርድና ላዩ ላይ ያለው የአካውንት ስም በማጥፊያ ድረ ገጾች ሲፋቅ ነው። እንዲህ የተፋቀ ቪዲዮ እጃችሁ ከገባ ባለቤቱን ሳታገኙ አትጠቀሙበት።

ቴሌግራም ላይ ፎርዋርድ ሲደረግ የቻናሉ ስም ከላይ ይቀመጣል፣ ሲነካም ወደዚያ ይወስዳል፤ እይታውም ለዋናው ፖስት ይቆጠራል። ነገር ግን ፎርዋርድ የሚጠራው ቴሌግራም ላይ የጫነውን እንጂ የቀረጸውን አይደለም፤ ቻናሉ ራሱ ከሌላ ያመጣው ከሆነ ምስጋናው ለማይገባው ሰው ይሄዳል። የላኪውን ስም መደበቂያ አማራጭ መኖሩም ያሳዝነናል። ፎርዋርድና ሴቭ ማድረግን የሚቆልፉ ቻናሎች ደግሞ ራሳቸውን ይጎዳሉ፤ ሰው ስክሪኑን ቀርጾ ሲያሰራጭ ስማቸው ጨርሶ ይጠፋል። ከመቆለፍ ይልቅ ስሙን ምስሉ ላይ መጻፍ ይሻላል።

የኢትዮጵያ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ምንጩና የሥራው አመንጪ ስም ተጠቅሶ ከሥራው መጥቀስን ይፈቅዳል፤ ሙሉ ቪዲዮ ገልብጦ ግርጌ ላይ ስም መጻፍን ግን መጥቀስ ማለት አይቻልም። ክፍት ፈቃድ ለሌለው ቪዲዮ ለባለቤቱ አጭር መልእክት ላኩ፦ ከስንት እስከ ስንት ሰከንድ እንደምትወስዱ፣ የት እንደምትለቁት፣ ገቢ እንዳለው ወይም እንደሌለው፣ ስሙን በምን መልክ እንደምትጽፉት ግለጹ። ስሙን እንዴት ልጻፍ ብሎ መጠየቅም ተገቢ ነው፤ አንዳንዱ የቻናሉን፣ አንዳንዱ የራሱን ስም ይመርጣል። መልሱን ቪዲዮው እስካለ ድረስ አስቀምጡት።