ከኤድመንተን እስከ አዲስ አበባ፦ የቤት ዕቃ አጓጓዥ ድርጅት አገልግሎት ሲመዘን

ቤተሰባችን ከካናዳዋ የአልበርታ ግዛት ዋና ከተማ ከኤድመንተን ጠቅልሎ ወደ አዲስ አበባ ሲዛወር ዕቃችንን ከበር እስከ በር ለማድረስ የተዋዋለንን ድርጅት አገልግሎት በዚህ ጽሑፍ እመዝናለሁ። የድርጅቱን ስም አልጠቅስም። ከማነሣቸው ጉድለቶች ብዙዎቹ በዚሁ መስመር ሌሎች ድርጅቶችን የሞከሩ ወዳጆቼም የሚያነሷቸው ስለሆኑ፣ አንባቢው ጽሑፉን የአንድ ድርጅት ስም ማጥፊያ ሳይሆን ውል ከመፈረሙ በፊት የሚያመዛዝንበት ነገር አድርጎ እንዲያነበው እወዳለሁ።

የተዛወርነው በዋናነት በአየር ንብረት ምክንያት ነው። ኤድመንተን ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ53 ዲግሪ ተኩል ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ በታኅሣሥ ወር የቀኑ ብርሃን ወደ ሰባት ሰዓት ተኩል ያህል ያጥራል፤ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ በሚደርስባቸው ሌሊቶች መኪና እንኳ ሞተሩ እንዳይቀዘቅዝ በኤሌክትሪክ ገመድ ተሰክቶ ያድራል። ልጆቻችን በጨለማ ወደ ትምህርት ቤት ሄደው ሊመሽ ሲል ይመለሳሉ፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አማቴ ደግሞ በረዶ ከጣለበት ቀን ጀምሮ እስኪቀልጥ ድረስ ከደጅ አይወጡም ነበር። በ9 ዲግሪ ሰሜን፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኘው አዲስ አበባ ግን የቀኗ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ብዙም አይለዋወጥም፤ የቀን ሙቀቷም በአብዛኛው ከ20 እስከ 25 ዲግሪ መካከል ነው።

ብርድን ሸሽቶ የሚዛወር ሰው ካለው ንብረት ሲሶ ያህሉ ያንኑ ብርድ ለመቋቋም የተገዛ ነው። ስለዚህ የአጓጓዥ ድርጅት ብቃት የሚለካው በሚጭነው ዕቃ ብቻ ሳይሆን «ይህን አትጫኑ» በሚለውም ጭምር ነው ብዬ አምናለሁ። ድርጅቱ ከሁሉ በላይ ያስደሰተኝም እዚህ ላይ ነው።

ዕቃችንን ሊገምት የመጣው ባለሙያ የጠየቀን የመጀመሪያ ጥያቄ ስንት አልጋ እንዳለን አልነበረም፤ በየትኛው ወር እንደምንደርስ፣ የምንገባበት ቤት ቪላ ይሁን ኮንዶሚኒየም፣ የግቢው በር ምን ያህል እንደሚሰፋ ነበር። ከዚያም ክፍል በክፍል እየዞረ መቅረት ያለበትን ዕቃ ለየ። የበረዶ መጥረጊያው ማሽን፣ የክረምት ጎማዎቹና በክረምት የቤቱን ደረቅ አየር የሚያረጥበው መሣሪያ ወዲያው ተሰረዙ። የልብስ ማጠቢያውን፣ ማይክሮዌቩንና የሊጥ ማቡኪያውን በተመለከተ የሰጠው ማብራሪያ እንደ እኔ ቴክኒክ ለማያውቅ ሰው እጅግ ጠቃሚ ነበር፤ የካናዳ ኤሌክትሪክ 120 ቮልትና 60 ኸርዝ (ኤሌክትሪኩ በሴኮንድ የሚመላለስበት ብዛት) ሲሆን የኢትዮጵያው 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው፤ ከገበያ የሚገዛው ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን ስለማይለውጥ ሞተር ያላቸው አንዳንድ ዕቃዎች ቢሠሩም ይሞቃሉ፣ ዕድሜያቸውም ያጥራል። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ላፕቶፖችና ቴሌቪዥኖች ግን መሰኪያቸው ብቻ ተቀይሮ ይሠራሉ። መኪናችንን ስናነሣበት ደግሞ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሏን ነግሮን ወሬውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ዘጋው። ለባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር ያሰብነው ጭነት በዚህ ምክር ተቀንሶ 33 ሜትር ኩብ ገደማ በሚይዘው ባለ 20 ጫማ ውስጥ ገባ። ትልቁን ቢሸጥልን የበለጠ የሚያተርፍ ድርጅት ትንሹ ይበቃችኋል ማለቱ በእኔ ዘንድ ከፍ ያለ ነጥብ ያሰጠዋል።

ይኸው ባለሙያ ግን ወፍራም ብርድ ልብሶቻችንንና የሱፍ ልብሶቻችንንም ከሚቀሩት መደባቸው። ስለ አዲስ አበባ ያለው እውቀት ከአማካይ የሙቀት ሠንጠረዥ የተቀዳ መሆኑ ያን ጊዜ ተገለጠልን። በካናዳ ቤት ውስጥ ማሞቂያው በብርዱ ወራት ሁሉ 20 ወይም 21 ዲግሪ ላይ ስለሚቆም ብርዱ ያለው ከደጅ ነው፤ በአዲስ አበባ ግን ቤቶች ማሞቂያ የላቸውም፤ በሐምሌና በነሐሴ በብሎኬት የተሠራ የምድር ቤት እርጥበቱን ይዞ ይከርማል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ሰማዩ ጠርቶ ስለሚያድር ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚለው የአባቶች ብሂል በከንቱ የተነገረ አይደለም። አማቴ የባለሙያውን ምክር ሲተረጎምላቸው «እሱ ጥቅምትን የት ያውቀዋል?» ብለው ብርድ ልብሶቹን በገዛ እጃቸው በሻንጣ ከተቱ፤ ዛሬ ሁላችንም የምንለብሰው እሳቸው ይዘውልን የመጡትን ነው። ድርጅቱ ለስላሳ አየር ፍለጋ የሚዛወሩ ደንበኞችን በማስታወቂያው እየጠራ ስለሚደርሱበት አገር የቤት ውስጥ ብርድ አለማወቁ ቀላል ጉድለት አይደለም።

አስተሻሸጉን በተመለከተ የምነቅፈው ጥቂት ነው። ከዚህ ቀደም ሰምቼው የማላውቀው አንድ ችግር ነበር፦ በደረቅና በቀዝቃዛ አገር የታሸገ ኮንቴይነር ሞቃት ባሕር ላይ ሲደርስ ከእንጨቱና ከካርቶኑ የሚወጣው እርጥበት በቀን በአየሩ ውስጥ ይከማችና ሌሊት ብረቱ ሲቀዘቅዝ በጣሪያው ላይ ወደ ውሃነት ተለውጦ በዕቃው ላይ ይንጠባጠባል። ሠራተኞቹ ይህን ለመከላከል እርጥበት የሚመጥጡ ከረጢቶችን በኮንቴይነሩ ግድግዳ ላይ በየቦታው ሰቀሉ፤ ፍራሾቹንና ሶፋውን አየር በሚያስወጣ ወረቀት እንጂ በላስቲክ አልጠቀለሉም። በሐምሌና በነሐሴ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚሞቀው የጅቡቲ ወደብ ኮንቴይነሩ ፀሐይ ላይ ሊሰነብት ስለሚችልም ሻማ፣ መድኃኒትና በግፊት የታሸጉ ጣሳዎች እንዲወጡ አደረጉ። ዕቃው ሲከፈት ሻጋታ አልነበረበትም። የካናዳው ቤት አየር እጅግ ያደረቀው የእንጨት ቁም ሣጥናችን ግን በአዲስ አበባ ክረምት አብጦ መሳቢያዎቹ አልከፈት አሉ፤ በጋው ሲገባ ራሳቸው ተስተካከሉ። ይህን አስቀድሞ የነገረን ባለመኖሩ መሳቢያዎቹን በአናጺ ልናስልጋቸው ምንም አልቀረንም ነበር።

ጉዞው በባቡር ወደ ካናዳ ወደብ፣ ከዚያም በመርከብ ወደ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ ደግሞ ከአዲስ አበባ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው የሞጆ ደረቅ ወደብ ነው። በወረቀት ላይ የሰጡን የመድረሻ ጊዜ መርከቦች ሁሉ በስዊዝ ቦይ ያልፋሉ በሚል ግምት የተሰላ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በቀይ ባሕርና በባብ ኤል መንደብ በንግድ መርከቦች ላይ በተፈጸሙት ጥቃቶች ምክንያት ትላልቆቹ የመርከብ ድርጅቶች በደቡብ አፍሪካ ጫፍ ዞረው ለመሄድ ተገድደዋል፤ ይህም ከአውሮፓ ወደ እስያ በሚደረግ ጉዞ ላይ ሁለት ሳምንት ያህል ሊጨምር ይችላል። መዘግየቱን ድርጅቱ አላመጣውም። ነገር ግን ዓለም ሁሉ ያወቀውን ለውጥ በግምቱ ውስጥ ሳያካትት የድሮውን ሠንጠረዥ ማደሉ ደንበኛውን ያለ አልጋና ያለ ድስት ባዶ ቤት ውስጥ ያስቀምጠዋል። ኮንቴይነሩ እስከ ጅቡቲ ድረስ የት እንዳለ በስልካችን ማየት እንችል ነበር፤ ከጅቡቲ በኋላ መረጃው ተቋረጠና በካናዳ ያለው ቢሮ «የአገር ውስጥ ወኪላችንን ጠይቁ»፣ ወኪሉ ደግሞ «ከካናዳ ሰነድ እየጠበቅን ነው» ይለን ጀመር።

የጊዜ አመራረጡን ጉዳይ ዘርዘር አድርጌ ላንሣው፤ ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች ሁሉ ይገጥማቸዋልና። የአልበርታ ትምህርት ቤቶች የሚዘጉት በሰኔ መጨረሻ ስለሆነ ልጅ ያለው ሰው ሁሉ መነሣት የሚፈልገው በሐምሌ ነው፤ ይህ ደግሞ አዲስ አበባ ዝናቡና ጉሙ የሚከብድባት፣ አንዳንዴም በረዶ የሚወርድባት ወቅት ነው። ለአየሩ ብሎ የመጣ ልጅ የመጀመሪያውን ሳምንት ፀሐይ ሳያይ ሲያሳልፍ ለወላጆቹ የሚያቀርበውን ጥያቄ መገመት አያዳግትም። ጉዳቱ በዕቃ ላይ ይብሳል። ሞጆ ላይ ለፍተሻ የተከፈተው ዕቃችን ከኮንቴይነሩ ወጥቶ ሸራ በለበሰ የጭነት መኪና ተጫነ፤ ሸራው በአንድ ጎን በመቀደዱ መጻሕፍት የያዙ ካርቶኖች ረጠቡ። ድርጅቱ ዕቃውን በካናዳ መጋዘኑ አቆይቶ ከመስቀል በኋላ እንዲደርስ አድርጎ የመላክ አገልግሎት አለው፤ ነገር ግን ይህን ያወቅነው ዕቃው ከተጫነ በኋላ ከሌላ ደንበኛ ነው። በሐምሌ ለሚነሣ ቤተሰብ ይህን አማራጭ በመጀመሪያው ቀን ማቅረብ የድርጅቱ ግዴታ መሆን ነበረበት።

በሞጆ ያስተናገደን ትራንዚተር (የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚ) ሥራውን ጠንቅቆ የሚያውቅ፣ ስልክ ሲደወልለት የሚያነሣ፣ የማያውቀውን «ነገ ጠይቄ ልንገርዎት» የሚል ትሑት ሰው ነበር። ሥራውን ያከበደበት ከካናዳ የመጣው የዕቃ ዝርዝር ነው። አሻጊዎቹ የማዕድ ቤቱን ካርቶኖች በሙሉ «ልዩ ልዩ» ብለው ስለመዘገቧቸው የጉምሩክ ፈታሹ እያንዳንዱን ማስከፈቱ ተገቢ ነበር፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን አስከፍት ነበር። በዚህ ሁሉ መካከል የመጋዘን ኪራይና ዲመሬጅ (ኮንቴይነሩ ከተፈቀደለት ጊዜ በላይ ሲቆይ የሚከፈል ቅጣት) ይቆጠራል፤ ውሉ ደግሞ ይህ ወጪ የደንበኛው መሆኑን በትናንሽ ፊደላት ይገልጻል። የአገር ውስጡ ወጪ ግምትም የተሰላው የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት በነበረው ተመን ይመስል ከእውነታው እጅግ የራቀ ነበር። ጠቅልሎ ለሚመለስ ሰው ስለሚፈቀደው የቀረጥ ነጻ መብት በየጊዜው የሚወጡ መመሪያዎች ስለሚለዋወጡ በዚህ ረገድ የድርጅቱን ሻጭ ቃል መቀበል አይበቃም፤ ኤምባሲውንና የጉምሩክ ኮሚሽንን በጽሑፍ ጠይቆ መልሱን መያዝ ይሻላል።

«ከበር እስከ በር» የሚለው ቃል በካናዳ ሳሎን ድረስ ማለት ነበር፤ በአዲስ አበባ ግን የግቢ በር ድረስ ማለት ሆነ። ከባድ መኪናዎች በከተማዋ ዋና ዋና መንገዶች ላይ በቀን መንቀሳቀስ ስለሚገደብባቸው ዕቃው የመጣው በሌሊት ነው፤ መኪናው ወደ ሰፈራችን ኮብልስቶን ሲታጠፍም የአካባቢው ጫኝና አውራጅ ማኅበር ወጣቶች ቀድመው ቆመው ነበር። ዋጋውን ለመስማማት ረጅም ክርክር ተደረገ። ወጣቶቹ ከተስማሙ በኋላ ፒያኖውን እንኳ ሳይጭሩ አስገቡ፤ በሥራቸው ላይ ቅሬታ የለኝም። ይህን ወጪ በግምቱ ውስጥ ማስገባት ቀርቶ መኖሩን እንኳ ያልጠቀሰ ድርጅት ግን በዚህ መስመር ለዓመታት ሠርቻለሁ ሲል ማመን ያስቸግራል።

ኢንሹራንሱ ከጠበቅሁት በላይ ጥሩ ነበር። ለተሰበሩ ሳህኖችና ለረጠቡት መጻሕፍት ፎቶግራፍና የዋጋ ዝርዝር ላክን፤ ያለ ብዙ ጭቅጭቅ ከጠየቅነው አብዛኛው ተከፈለን። የሚያስፈልገው ዕቃውን በተረከቡበት ቅጽ ላይ ከመፈረም በፊት ጉዳቱን መጻፍ ነው፤ ሌሊት በባትሪ ብርሃን ይህን ማድረግ አድካሚ ቢሆንም ያልተጻፈ ጉዳት አይካስም።

በጠቅላላው ከአምስት ሦስት እሰጠዋለሁ፤ ካናዳ ውስጥ ለሠራው ሥራ ብቻ ቢሆን አራት ተኩል ባገኘ ነበር። የቤት ዕቃቸው ብዙና ጥራት ያለው፣ መጻሕፍትና የሙዚቃ መሣሪያ ያላቸው፣ በአዲስ አበባ የሚገቡበት ቤት የተዘጋጀላቸው ቤተሰቦች ይጠቀሙበታል፤ ግን ከሞጆ እስከ ቤት ያለውን ወጪ ለብቻው በጽሑፍ ያስቀምጡ፣ ዝርዝሩንም ካርቶን በካርቶን ራሳቸው ይጻፉ። አልጋና ሶፋ አዲስ አበባ ካሉት የእንጨት ሥራ ቤቶች ለማሠራት ላሰበ ቤተሰብ ግን ኮንቴይነር አያስፈልገውም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከቶሮንቶ በሚያደርገው በረራ ለአንድ ተራ መንገደኛ 23 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሻንጣዎች ስለሚፈቀዱ አምስት ሰዎች ያሉበት ቤተሰብ 230 ኪሎ ያህል ዕቃ ይዞ መግባት ይችላል፤ ከዚህ ውስጥ ለብርድ ልብሶቹ ቦታ መተው አይከፋም።