ፍንጭቴን ሳትነካ ጥርሴን ለመለሰችልኝ ሐኪም

ውድ የጎንደር ልጆች፣ ይህ ጽሁፍ ምስጋና ነው። ለወራት ስጀምረው ስተወው ቆይቼ ዛሬ ልጨርሰው ቆርጬ ተቀምጫለሁ። ባለፈው ኅዳር ፒያሳ አካባቢ ወዳለች አንዲት ትንሽ የጥርስ ክሊኒክ ጠዋት ገብቼ ረፋዱ ላይ ስወጣ፣ ከ12 ዓመቴ ጀምሮ ያልነበረኝን ሙሉ የፊት ጥርስ ይዤ ወጣሁ። ማደንዘዣ አልተወጋሁም፤ ጥርሴ አልተሞረደም፤ ነርቭ አልተነካም። ይህን ያደረገችልኝን ሐኪም በአደባባይ ሳላመሰግን ብቀር ኅሊናዬ አይተኛልኝም።

ጥርሴ የተሰበረው በ1989 ዓ.ም. በጥምቀት ዕለት፣ በአፄ ፋሲል መዋኛ ነው። ውኃው ተባርኮ ወጣቶቹ ወደ መዋኛው ሲዘሉ እኛ ልጆች ጠበሉ እንዲደርሰን ወደ ፊት እንጋፋ ነበር። ከኋላ የመጣ ግፊያ ጣለኝና አፌ የድንጋዩን ጠርዝ አገኘው። ደሙ ቶሎ ቆመ። ከላይኛው የፊት ጥርሴ ጥግ ግን የስንዴ ፍሬ የምታክል ቁራጭ ሄዳ ቀረች። ጎረቤቶቻችን «ሲያድግ ይሞላል» እያሉ አጽናኑኝ። እኔም ለዓመታት በመስታወት ስለካው ኖርኩ። የ12 ዓመት ልጅ የፊት ጥርስ የወተት ጥርስ አይደለምና አልሞላም።

ከዚያ በኋላ መሳቅ ሲመጣብኝ የነጠላዬን ጫፍ ወደ አፌ መውሰድ ለመድኩ። ሰዎች ጨዋነት መሰላቸው። «የእገሌ ልጅ እኮ ጥርሷን ለሰው አታሳይም» እየተባልኩ ስመሰገን አደግሁ። ትዳር ስይዝም የባለቤቴ እናት ያመሰገነችኝ በዚሁ ነበር። እውነቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። አስተማሪ ከሆንኩ በኋላ ደግሞ ነጠላው ቀርቶ መጽሐፍ ሆነ፤ 4ኛ ክፍል ፊት ቆሜ የሚያስቅ ነገር ሲመጣ መጽሐፉን ከፍ አደርጋለሁ። አንዲት ተማሪዬ አንድ ቀን እኔን አይታ ደብተሯን ወደ አፏ አንስታ ስትስቅ አየኋት። የልጅቷ ጥርስ እንደ ወተት የነጣ፣ አንዳች ነገር የሌለበት ነው። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

እዚህ ላይ ስለ እናቴ መናገር አለብኝ፤ ያለ እሷ ይህ ታሪክ አይገባችሁም። እናቴ ድዷን የተነቀሰች፣ ከላይ በሁለቱ የፊት ጥርሶቿ መካከል ደግሞ ፍንጭት የነበራት ሴት ናት። በጠቆረው ድድ ላይ ያ ነጭ ጥርስ፣ በመካከሉ ያቺ ክፍተት! በወይራ መፋቂያ ሳትፍቅ ከቤት ወጥታ አታውቅም። ፍንጭት በአገራችን እንዴት እንደሚወደድ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ከልጆቿ ሁሉ ፍንጭቷን የወረስኩት እኔ ብቻ ነኝ። የተሰበረው ጥግ ታዲያ በፍንጭቱ በኩል ያለው ነበር። የእናቴን ፍንጭት ያበላሸሁባት ይመስለኝ ነበር። ካረፈች 6 ዓመት አለፋት።

አሁን ወደ መራራው ክፍል። የቦታም የሰውም ስም አልጠራም፤ ዓላማዬ ማንንም ማሳጣት አይደለም።

መጀመሪያ የሄድኩበት ሐኪም ወንበሩ ላይ ካስቀመጠኝ 2 ደቂቃ ሳይሞላ «ዙሪያውን እንሞርደውና ክራውን እንገጥምለታለን» አለኝ። ክራውን ማለት በተሞረደው ጥርስ ላይ እንደ ቆብ የሚጠለቅ ሰው ሠራሽ ሽፋን ነው። ለዚያች ለስንዴ ፍሬ ብዬ ጤነኛውን ጥርሴን ዙሪያውን ላስሞርድ! ሌላ መንገድ የለም ወይ ስለው በጣቱ የዋጋ ዝርዝሩን አሳየኝ። ሁለተኛው ቦታ የባሰ ነበር። ነርቩ መገደል አለበት ተባልኩ። ጥርሱ አሞኝ አያውቅም ብል የሚሰማኝ አላገኘሁም። በዚያን ቀን ከወንበሩ ተነስቼ የሸሸሁት በእግዚአብሔር ቸርነት ነው እላለሁ።

ሦስተኛው ግን ያዘኝ። እዚያ «ቦንዲንግ እንሠራለን፣ 15 ደቂቃ አይፈጅም» አሉኝ፤ የጎደለውን የጥርስ ቀለም ባለው ነገር እየለጠፉ መሙላት ማለት ነው፤ እኔም ደስ ብሎኝ አፌን ከፈትኩ። ማንም ምንም አልጠየቀኝም። መስታወት ሲሰጡኝ ሁለቱ የፊት ጥርሶቼ አንድ ላይ ተጣብቀው፣ ፍንጭቴ ተደፍኖ፣ በመካከሉ ኖራ የመሰለ ንጣት ተለጥፎበት አየሁት። የእናቴ ፍንጭት የለም! ምን አደረጋችሁት ስላቸው ባለሙያው «አሳመርንልሽ» አለኝ። ክፍተቱ እንደ ጉድለት ታይቶት ነው። ከዚያ በኋላ ምግብ እየተሰነቀረ ድዴ በየጠዋቱ ይደማ ጀመር። በሦስተኛው ሳምንት ዳቦ ስገምጥ ግማሹ ተነቅሎ በእጄ ላይ ወደቀ። ስመለስ «አነካከስሽ ነው» ተባልኩ፤ እንደገና ክፈይ ተባልኩ። የከፈልኩት ገንዘብ የአንድ አስተማሪ ደመወዝ ላይ ምን ያህል እንደሚከብድ አስተማሪዎች ታውቁታላችሁ። ከገንዘቡ ይልቅ ያቺ «አሳመርንልሽ» የምትለው ቃል እስከ ዛሬ ትቆጠቁጠኛለች።

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ነው አንዲት የሥራ ባልደረባዬ እጄን ይዛ፣ ቃል በቃል እጄን ይዛ፣ ወደዚች ክሊኒክ የወሰደችኝ። ሐኪሟ በዕድሜ ከእኔ የምታንስ፣ ድምጿ ዝግ ያለ ሴት ናት። አይታኝ ስታበቃ መሣሪያ አላነሳችም። ጓንቷን አወለቀችና ወንበር ስባ ከጎኔ ተቀመጠች። «መምህርት፣ ከዚህ በፊት ጥርስዎ ምን ይመስል ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። በዚያ ሁሉ ዓመት ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ስለ ጥምቀቱም፣ ስለ እናቴም፣ ስለ ፍንጭቱም ነገርኳት። አላቋረጠችኝም። ውጭ ሰው ይጠብቃታል፤ እሷ ግን ትሰማለች።

ጨርሼ ዝም ስል «የእናትዎ ፎቶ ይኖራል?» አለችኝ።

ከስልኬ አውጥቼ ሰጠኋት፤ በሠርጌ ዕለት እናቴ እየሳቀች የተነሳችው ነው። አጉልታ አጉልታ አየችው። ቀጥሎ የእኔን ጤነኛውን ጥርስ አየች፤ ተመልሳ ፎቶውን አየች። «የእናትዎ ጥርስ ጥጉ ክብ ነው፤ የእርስዎም ጤነኛው እንደዚያው ነው። የተሰበረውን ጥግ ሹል ማዕዘን አውጥቼ ብሠራው የእርስዎ አይመስልም። ክብ አደርገዋለሁ። ፍንጭቱን አልነካውም፤ የደፈኑትን አንስቼ እንደነበረ እመልሰዋለሁ» አለችኝ። ወገኖቼ፣ እኔ ከወንበሩ ላይ ሆኜ እንባዬን መያዝ አልቻልኩም። እሷም ጨርቅ ሰጥታኝ እስክረጋጋ ጠበቀችኝ። ያን ዕለት የሠራችልኝ ነገር የለም። የተጣበቀውን ለማንሳትና ድዱ እንዲያገግም ሁለት ጊዜ ቀጠረችኝ፤ ጥርሱን የምትሠራው ድዱ መድማቱን ሲተው እንደሆነም ነገረችኝ።

በዋናው ቀን ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ደረስኩ። ጥርሴን ሳታደርቅ መጀመሪያ ቀለሙን መረጠች። ጥርስ አየር ሲነካውና ሲደርቅ ለጊዜው ይነጣል፤ ደርቆ ሳለ ከመረጡለት በኋላ አይመሳሰልም አለችኝ። ከተለያዩ ቀለሞች ትንሽ ትንሽ ጠብታ ጥርሴ ላይ አደረገች፣ በሰማያዊ መብራት አጠነከረችው። ከዚያ አስነሥታ ወደ መስኮቱ ወሰደችኝ። መስታወቱን በእጄ ሰጥታ «የክፍል መብራት ያታልላል፤ ሰው የሚያይዎ በቀን ብርሃን ነው፤ እርስዎ ይምረጡ» አለችኝ። እኔም መረጥኩ። ከመረጥኩት ትንሽ የምትጨልም አንዲት ቀለም አሳየችኝና ለምን እሷ እንደምትሻል ነገረችኝ። ትክክል ነበረች።

የቀረውን በደንብ አልተከታተልኩትም። አንድ የሚቀዘቅዝ ነገር ቀብታ አጠበችው፣ ሌላ ነገር ቀባች፣ ከዚያ ኮምፖዚት የሚሉትን ለስላሳ ነገር በስሱ እየደራረበች፣ እያንዳንዱን ድርብ በመብራቱ እያጠነከረች ሄደች። ሙያው የእሷ ነውና ከዚህ በላይ ልዘርዝር አልችልም። እኔ የማውቀው እጇን ነው። እንደ ጥልፍ ጠላፊ ነበር የምትሠራው። በመካከል መብራት ጠፋ። ሌላው ቢሆን ቶሎ ቶሎ ብሎ ይጨርስ ነበር። እሷ ግን አቆመች፤ ምራቅ እንዳይነካው ጥጡን አስተካክላ፣ መብራቱ እስኪመለስ ትከሻዬን ይዛ ቆየች። በአንዲት ጥርስ ላይ 1 ሰዓት ተኩል! ያ የ15 ደቂቃው ሰው ትዝ አለኝ።

በመጨረሻ አለስልሳ፣ አሽታ፣ ስስ ወረቀት አስነክሳ፣ ላይኛውና ታችኛው ጥርስ ሲገናኙ እንዳይጋጭ አስተካክላ መስታወቱን ሰጠችኝ። የተሰበረው የቱ እንደሆነ ለየት አድርጌ ማወቅ አቃተኝ። ፍንጭቴ በቦታው አለ። ሳቅሁ። እጄ በልማድ ወደ ነጠላዬ ሲሄድ ሐኪሟ እጄን ያዘችው።

ሌላም ነገር ልጨምር፤ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነውና። ባለሙያ መሆኗን ካየሁ በኋላ እኔው ራሴ ጎን ያለውን ጥርሴንም፣ በትንሹ የተጣመመውን፣ አስተካክዪልኝ አልኳት። ገንዘቡንም ይዤ ነበር። «ጤነኛ ነው፤ አልነካውም» ብላ መለሰችልኝ። እየከፈልኳት እንቢ አለችኝ! ባልደረባዬ ያመጣችውን የእህቷን ልጅ ደግሞ፣ የጥርሱ ስብራት ግማሽ በግማሽ ስለሆነ ቦንዲንግ አይበቃውም፣ ቶሎ ይወድቅብሃል ብላ ወደሚሻለው ሕክምና ላከችው። የማትችለውን እችላለሁ አትልም፤ የማያስፈልገውን ያስፈልጋል አትልም።

የነገረችኝንም ልንገራችሁ፣ ሄዳችሁ እንዳትደናገጡ። ይህ ቦንዲንግ የዕድሜ ልክ አይደለም፤ እንደ አያያዙ ከ3 እስከ 10 ዓመት ነው የሚቆየው፤ ቢሸረፍ ወይም ቀለሙ ቢለወጥ ግን መጠገን ይቻላል። ጥርሳቸውን ማስነጣት የሚፈልጉ አስቀድመው ያስነጡ፤ የተሞላው ነገር በማስነጫ አይነጣምና። ለ2 ቀን ቡናና ሻይ አትንኪ ተብያለሁ፤ ጎንደር ተቀምጦ ቡና አለመጠጣት እንዴት እንደሚከብድ አትጠይቁኝ፤ ግን ቻልኩት። ቆሎ በፊት ጥርሴ አልሰብርም፤ ክር በጥርሴ አልበጥስም። ማታ ጥርሱን የሚያፋጭ ሰው ደግሞ አስቀድሞ ይንገራት።

ዘንድሮ በጥምቀት እዚያው መዋኛው ዳር ቆሜ፣ ያ ድንጋይ ካለበት ብዙም ሳልርቅ፣ ልጄ ፎቶ አነሳኝ። በአንድ በኩል የእናቴን ፎቶ፣ በሌላው የእኔን አድርጎ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል። ቤታችን የመጣ ሁሉ «አቤት መመሳሰል!» ይላል። ድዴ ያልተነቀሰ መሆኑ ብቻ ነው የሚለየን።

ሐኪሟ ማስታወቂያ እንዳይመስልባት ስሟን እዚህ እንዳልጽፍ ለምናኛለች፤ ቃሏን አከብራለሁ። የምትፈልጉ በውስጥ መልእክት ጠይቁኝ፤ ቦታውን በደንብ አሳያችኋለሁ፤ ከቻልኩ አብሬያችሁ እሄዳለሁ። ዋጋውም እንደ ጥርሱ ይለያያልና ከእሷ ስሙት፤ ከመሥራቷ በፊት ነው የምትነግራችሁ፤ የነገረቻችሁም አይጨምርም። እባካችሁ ሂዱ። ለአንዲት ትንሽ ሽራፊ ብላችሁ ጤነኛ ጥርሳችሁን ለሞረድ አትስጡ። ልጅ ያላችሁ፣ በተለይ አፋቸውን እየሸፈኑ የሚስቁ ልጆች ያሏችሁ፣ ጠጋ ብላችሁ ምክንያቱን ጠይቋቸው፤ ከዚያ ይዛችኋቸው ሂዱ። እግዚአብሔር እጇን ይባርክላት፤ ዕድሜና ጤና ይስጣት፤ የእኔን እንባ እንዳበሰች የእሷን ያብስላት።

ስትሄዱ ደግሞ የጠዋት ቀጠሮ ያዙ፤ ቀለሙን የምትመርጡት በመስኮቱ ብርሃን ነው።