ለቤተሰብ ካምፒንግ የትኛው ይሻላል፦ ትንሿ የቡቴን ስቶቭ ወይስ ባለ ሁለት ምድጃው የፕሮፔን ስቶቭ?

በየዓመቱ ግንቦት ሲጋመስ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ የሚኖሩ ወዳጆቼ በሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ የድንኳን ቦታ እንደያዙ የሚጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ ከኮሪያ ሱቅ የምትገዛው ትንሿ የቡቴን ስቶቭ ትበቃናለች ወይስ ታጣፊውን ባለ ሁለት ምድጃ የፕሮፔን ስቶቭ እንግዛ? ለእያንዳንዱ ሰው በስልክ ከማስረዳት አንድ ጊዜ በጽሑፍ ማስቀመጡን መርጫለሁ። መልሴን ከወዲሁ ልናገር፦ ልጆች ይዞ ሁለት ሦስት ሌሊት ለሚያድር ቤተሰብ የፕሮፔኑን ግዙ። ትንሿ ቤታችሁ ካለች ለቡና ይዛችኋት ሂዱ፤ ከሌለች ግን ለካምፕ ብላችሁ አትግዟት።

ከመግዣው ዋጋ ብንጀምር ትንሿ አሸናፊ ትመስላለች። ከ25 እስከ 40 ዶላር ባለው ዋጋ ትገኛለች፤ የጃፓኑ ኢዋታኒ ወደድ ቢልም በዚህ ዓይነት ስቶቭ ውስጥ ጭማሪው የሚያስቆጨኝ አይደለም። ኮልማን የተባለው ኩባንያ የሚሠራው ባለ ሁለት ምድጃ የፕሮፔን ስቶቭ በክብሪት የሚለኮሰው ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ከ60 እስከ 90 ዶላር ያወጣል፤ በቁልፍ ብልጭ የሚለው ከዚያ ይጨምራል። ይህን ጭማሪ አትክፈሉ። በሁለቱም ዓይነት ስቶቭ ላይ ቀድሞ የሚበላሸው ይኸው ብልጭታ ሰጪው ክፍል ስለሆነ፣ ዞሮ ዞሮ አፉ ረጅም የሆነ ላይተር መያዛችሁ አይቀርም።

ሰው የሚከራከረው በስቶቩ ዋጋ ነው፤ ገንዘቡን ቀስ በቀስ የሚበላው ግን ጋዙ ነው። የቡቴን ጣሳ 8 አውንስ፣ ማለትም 227 ግራም ይይዛል። አራት ጣሳ አንድ ላይ ታሽጎ በ10 ዶላር ገደማ ከተገኘ ፓውንዱ 5 ዶላር ይመጣል፤ ነጠላውን ከካምፕ ዕቃ መደብር የሚገዛ ሰው ደግሞ ከዚያ በላይ ይከፍላል። ባለ 1 ፓውንዷ የፕሮፔን ጣሳ በ6 ዶላር ገደማ ስትገዛ ፓውንዱ ያው 6 ዶላር ነውና፣ እስከዚህ ድረስ ቡቴን ይረክሳል። በዚያ ላይ የፕሮፔኑ ስቶቭ ሁለቱም እሳቶች እስከ መጨረሻ ተከፍተው ሲነዱ በሰዓት 20,000 ቢቲዩ (የሙቀት መጠን መለኪያ ነው) ስለሚያወጣ፣ በዚህ አኳኋን ጣሳዋ አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው የምትቆየው። ሒሳቡ የሚገለበጠው ስቶቩን በቱቦ ከባርቤኪው ሲሊንደር ጋር ስታገናኙት ነው። ባለ 20 ፓውንዱን ሲሊንደር በ20 ዶላር ብታስሞሉት ፓውንዱ 1 ዶላር ሆነ ማለት ነው። ቱቦው 20 ዶላር ገደማ ቢያስወጣችሁም አንድ ሲሊንደር ሳያልቅ ዋጋውን ይመልሳል።

ማስሞላት ያልኩት በምክንያት ነው። ከግሮሰሪና ከማደያ ደጃፍ ባዶውን ሰጥታችሁ የምትቀይሩት ሲሊንደር መጠኑ ያው ይሁን እንጂ ብዙውን ጊዜ የሚይዘው 15 ፓውንድ ጋዝ ብቻ ነው፤ ዋጋውም ከማስሞላት ይበልጣል። ልውውጡ የሚጠቅመው በአንገቱ ላይ የታተመው ቀን ያለፈበትንና ሞይዎች አንቀበልም ያሏችሁን አሮጌ ሲሊንደር ለመገላገል ነው። ሙሉው ሲሊንደር 37 ፓውንድ ገደማ ስለሚመዝን ባለ 5 ፓውንዱን የሚመርጡ አሉ፤ የሚገርመው ግን አራት እጥፍ ከሚይዘው ከትልቁ ይልቅ የትንሹ ዋጋ ብዙ ጊዜ ይበልጣል። እኔ በመኪና እስከ ድንኳኑ አጠገብ እየደረስኩ ለትንሽነት ተጨማሪ ገንዘብ አልከፍልም።

ባዶዋን የ1 ፓውንድ ጣሳ ከትልቁ ሲሊንደር በቤት ለመሙላት የሚሸጠውን መገልበጫም ሳልጠቅስ አላልፍም። ጣሳዋ ለአንድ ጊዜ የተሠራች ናት፤ ዳግም ተሞልታ መጓጓዝ እንደሌለባትና የፌዴራል ሕግ እንደሚከለክለው በራሷ ላይ ተጽፏል። ልጆች በኋላ ወንበር በተቀመጡበት መኪና ውስጥ አምስት ዶላር ለማትረፍ ተብሎ የሚደረግ ነገር አይደለም።

ቅዝቃዜው ሌላ ምክንያት ነው። ቡቴን በባሕር ወለል ከፍታ ከ0 ዲግሪ ሴልሺየስ ትንሽ ዝቅ ሲል ወደ ጋዝነት መለወጡ ይቆማል፤ ፕሮፔን ግን እስከ 42 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይሠራል። ሸናንዶዋ ያን ያህል አይበርድም የሚል ሰው በፓርኩ ውስጥ ያለው የድንኳን ሰፈር ቢግ ሜዶውስ 3,500 ጫማ ገደማ ከፍታ ላይ መሆኑን፣ ተራራውም ከሥሩ ካለው ሸለቆ ወደ 10 ዲግሪ ፋራናይት ያህል እንደሚቀዘቅዝ አይርሳ። በተጨማሪም ቡቴን ሲተን ራሱን ጣሳውን ስለሚያቀዘቅዘው ችግሩ ውርጭ ሳይጥልም ይጀምራል። ቅጠሉ በሚቀላበት በጥቅምት ማለዳ ጣሳው ግማሽ እያለው ነበልባሉ ይቀጭጫል፤ ልጆች ብርድ ልብስ ተከናንበው ሻይ ሲጠብቁ ውኃው ይተነፍሳል እንጂ አይፈላም።

ወደ ምግቡ እንምጣ። የእኛ ሰው ለካምፕ ሲዘጋጅ ቁሌቱን፣ ዶሮ ወጡንና ምስሩን ቤቱ ሠርቶ፣ አቀዝቅዞ፣ በኩለር ውስጥ ለበረዶ ምትክ ይዞት ቢሄድ ብልህ ነው፤ ስቶቩ የሚጠበቅበት ማሞቅ ብቻ ይሆናል። እዚያው የሚሠሩት ጨጨብሳ፣ እንቁላል፣ ሽሮና ጥብስ ናቸው። ጥብስ ኃይለኛ እሳት ይፈልጋል። ከባዱ የብረት መጥበሻ በደንብ ሳይግል ሥጋው ከገባ ውኃ ያወጣና ይቀቀላል፤ በፕሮፔኑ ላይ ግን ሽንኩርቱና ቃሪያው ሳይልሙ ሥጋው ጠርዙ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ጥቅም ግን የሁለተኛው እሳት መኖር ነው። ቡናው ተቆልቶ፣ ተፈልቶ፣ ከአቦል እስከ በረካ እስኪደርስ አንዷን ምድጃ ይዞ ይቀመጣል፤ ምድጃዋ አንድ ብቻ ከሆነች ወይ ልጆቹ ይራባሉ ወይ ቡናው ይቋረጣል። ሁለቱም ሲሆን አይቻለሁ።

በአንድ ነገር ትንሿን ላመስግናት። እሳቷ በደንብ ስለሚቀነስ ለጀበና የተመቸች ናት። የፕሮፔኑ እሳት ዝቅ ሲደረግ ቶሎ ይጠፋል፣ ከፍ ሲል ደግሞ የሸክላ ጀበና ሊሰነጥቅ ይችላል፤ ክብ ቂጡም በሰፊው ፍርግርግ ላይ አይረጋም። መፍትሔው ትንሽ የብረት መጥበሻ ፍርግርጉ ላይ አስቀምጦ ጀበናውን በላዩ ማቆም ነው፤ ይረጋል፣ ሙቀቱም በእኩል ይደርሰዋል።

ትንሿ ላይ ፈጽሞ የማይደረግ ነገር አለ። ሰፊ ምጣድ ከጣሳው ክፍል በላይ ተርፎ ከተጣደ ሙቀቱ ወደ ታች ተመልሶ ጣሳውን ያግለዋል። ሁለት የቡቴን ስቶቮች ጎን ለጎን አስቀምጦ አንድ ትልቅ ምጣድ በላያቸው መጣድ ደግሞ የባሰ አደጋ ነው። ነፋስ ለመከላከል ዙሪያዋን በፎይል መሸፈንም ያው ነው። ደህና ሥሪት ያላት ስቶቭ ጣሳው ሲግል ጋዙን የሚቆርጥ መሣሪያ ቢኖራትም፣ በርካሽ ቅጂዎች ላይ መሣሪያው መኖሩን እንጂ መሥራቱን ማረጋገጫ የላችሁም። ፕሮፔኑ ክዳኑና ሁለቱ ክንፎቹ ነፋሱን ስለሚይዙለት ፎይል አያስፈልገውም።

ስለ ጥገና ብዙ የሚባለው በፕሮፔኑ ላይ ነው፤ የቡቴኗ ስትበላሽ ትጣላለችና። ክረምቱን ጋራዥ ውስጥ ያደረ የፕሮፔን ስቶቭ ነበልባሉ ቢጫ ከሆነና ድስቱን ጥቀርሻ ካለበሰው፣ ጋዝና አየር የሚቀላቀሉበት ቱቦ ውስጥ ሸረሪት ድር አድርታ ይሆናል፤ በቀጭን ብሩሽ ሲጠረግ ሰማያዊው ነበልባል ይመለሳል። የጋዙን ግፊት የሚቀንሰውን ሬጉሌተር ስታስሩ በጣት ብቻ ጀምሩ፤ የናሱ ጥርስ ተጣሞ ከገባ ተበላሸ ማለት ነው። እኔን ከሁሉ ያማረረኝ ግን ስም የለሹ ርካሽ ቱቦ ነው። ከኢንተርኔት ላይ በግማሽ ዋጋ የተገዛ አንድ ቱቦ ከውስጡ ቅባት መሰል ፈሳሽ እያወጣ የጋዙን ቀዳዳ ስለደፈነ፣ ስቶቩ ሳይበላሽ የተበላሸ መስሎ ሰነበተ። ሌላው ቅጂ በማያያዣው በኩል ያፈስ ነበር፤ የሳሙና አረፋ ስንቀባበት እንደ ዓሣ አፍ ብልቅ ብልቅ ማለቱን ልጆቹ ሳይቀሩ አይተውታል። ቱቦ ላይ አትቆጥቡ፤ አዲስም ቢሆን ከመለኮሳችሁ በፊት በሳሙና ውኃ ፈትሹት።

ከሰል የሚጠይቁኝም አሉ። ለጥብስና ለበቆሎ ጣዕሙን ማንም አይክድም፤ ነገር ግን ለቁርስ እሳቱ እስኪያያዝ ልጆች አይታገሡም። ብርድ ነው ተብሎ የከሰል ምድጃ ወደ ድንኳን ማስገባት ደግሞ ሽታ በሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይገድላል፤ የጋዝ ስቶቮችም ድንኳን ውስጥ አይነዱም። እንጨት ከቤታችሁ አትጫኑ፤ ፓርኩ ከውጭ የሚፈቅደው በሙቀት የታከመና ማረጋገጫ ያለው የታሸገ እንጨት ነው።

የፕሮፔኑ አሳሳቢ ጉድለት ጽዳቱ ነው። ከእሳቱ ሥር ያለው ሰሃን የጥብስ ቅባትና የተንጠባጠበ ቂቤ ይሰበስባል፤ ሸናንዶዋ ደግሞ ጥቁር ድብ ያለበት ፓርክ ስለሆነ ከተበላ በኋላ ኩለሩም፣ ድስቱም፣ ስቶቩም ወደ መኪና ወይም ወደ ምግብ ማስቀመጫው ሳጥን መግባት አለባቸው። ትንሿን ጠርጎ መክተት የአፍታ ሥራ ነው፤ ትልቁ ሲግል ስለሚቆይ ያስጠብቃል።

ዋጋው ለሚከብዳችሁ ያገለገለ የፕሮፔን ስቶቭ ፈልጉ፤ ከላይ እንዳልኩት ይጠገናልና ያገለገለውም ያዋጣል። ያገለገለች የቡቴን ስቶቭ ግን በነፃም አልቀበልም። ስትገዙ ሬጉሌተሩ አብሮ መኖሩን እዩ፤ እሱ ከጠፋ አዲሱ ለብቻው 20 ዶላር ገደማ ስለሚያወጣ ያንን ከዋጋው አስቀንሱ። ከዚያም የራሳችሁን ጣሳ ይዛችሁ ሂዱና ሻጩ ፊት ሁለቱንም እሳት ለኩሱ፤ ልለኩሰው ስትሉ ሰበብ የሚያበዛ ሻጭ ካጋጠማችሁ ትታችሁት ሂዱ።