አይፒ 66 የተጻፈበት ሳጥን ዝናቡንም በጋውንም ካየ በኋላ

ሳጥኑን የገዛሁት ለውሃ ፓምፕ መቆጣጠሪያ ነው። ውስጡ ብሬከር፣ ኮንታክተር (የፓምፑን ኃይል የሚያገናኝና የሚያቋርጥ ማብሪያ) እና ፓምፑን በሰዓት የሚያበራና የሚያጠፋ ትንሽ መሣሪያ አለ። የተሰቀለው ደጅ፣ ምንም ጥላ የሌለው ግድግዳ ላይ ነው። ዝናብ ፊት ለፊት ይመታዋል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ያርፍበታል። በደረቁ ወራት አቧራ ይለብሳል። የዝናቡንም የደረቁንም ወቅት ስላሳለፈ አሁን ስለ እሱ በልበ ሙሉነት መናገር እችላለሁ።

ባጭሩ፣ ሳጥኑ የተጻፈበትን አክብሯል። ዝናብ አላስገባም፤ አቧራም አላስገባም። ያም ሆኖ ክዳኑ ላይ ከውስጥ በኩል የውሃ ጠብታ አየሁ። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ይኸው ጠብታ ነው።

አስቀድሜ ስለ ቁጥሩ ልበል። አንድ ዕቃ አቧራና ውሃ እንዳይገባበት ምን ያህል እንደሚከላከል የሚናገረው አይፒ የሚለው ምልክት የመጣው አይኢሲ 60529 ከሚባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት ነው። ሁለቱ አሃዞች ለየብቻቸው ነው የሚነበቡት። የመጀመሪያው የጠጣር ነገርና የአቧራ ነው፤ ከ0 እስከ 6 ይሄዳል። 2 ከሆነ ጣት አያስገባም። 4 ከሆነ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሽቦ አያስገባም። 5 ላይ ጥቂት አቧራ ሊገባ ይችላል፣ ግን ሥራ በማያውክ መጠን። 6 ላይ ጭራሽ አይገባም። በአሃዝ ፋንታ ኤክስ ካያችሁ ደግሞ ለዚያ ነገር ደረጃ አልተሰጠውም ማለት ነው።

የአቧራው ፈተና ቀላል አይደለም። ሳጥኑ ዝግ ክፍል ውስጥ ይገባና በጣም የላመ የታልክ ፓውደር ይበተንበታል። ለ6 ሲፈተን አየር ከውስጡ በፓምፕ እየተሳበ ነው። ዱቄቱ በትንሹም ክፍተት እንዲገባ ይገደዳል ማለት ነው። የእኔን ሳጥን በበጋው መጨረሻ ከፍቼ ወለሉን በነጭ ጨርቅ ጠረግኩት። ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ ወጣ። አቧራው ከጋስኬቱ፣ ማለትም ክዳኑን ዙሪያውን ከሚያሽገው ላስቲክ፣ በስተውጭ ቀጭን መስመር ሠርቶ ቆሟል። እዚህ ላይ አንድ ምክር አለኝ፦ ክዳኑን ከመክፈታችሁ በፊት ዙሪያውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። ስትከፍቱ አሸዋ ጋስኬቱ ላይ ከወደቀና እዚያው ከተዘጋበት፣ ከዚያ በኋላ 66 መሆኑ ቀርቷል።

ሁለተኛው አሃዝ የውሃ ነው። 4 ከየአቅጣጫው የሚረጭ ውሃን ይችላል። 5 ሲሆን 6.3 ሚሊ ሜትር አፍ ባለው ቱቦ በደቂቃ 12.5 ሊትር ይለቀቅበታል። 6 ሲሆን አፉ 12.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ውሃውም በደቂቃ 100 ሊትር ይደርሳል። ልዩነቱ እንግዲህ ትንሽ አይደለም። 7 ግን ሌላ ዓይነት ፈተና ነው፤ ሳጥኑ 1 ሜትር ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ይጠመቃል። 67 ከ66 ይበልጣል ብሎ የሚከራከር ብዙ ነው። በዚህ አልስማማም። እስከ 6 ድረስ ትልቁ ትንሹን ይጠቀልላል። ከ7 ጀምሮ ግን ነገሩ ይለያል። ጥምቀት የቻለ ሳጥን የቱቦ ግፊት ይችላል ማለት አይደለም። ሁለቱንም ያለፈ ዕቃ 66/67 ተብሎ ነው የሚጻፍበት። ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ነገር ዋናው ጉዳይ በነፋስ የሚገፋ ዝናብ ስለሆነ 66 ይበቃኛል። ጎርፍ የሚደርስበት ጉድጓድ ውስጥ ቢሆን ኖሮ 67 ወይም ከዚያ ለከበደ ጥምቀት የሚሆነውን 68 እፈልግ ነበር።

አሁን ወደ ጠብታው። ክዳኑ ብርሃን አስተላላፊ ስለሆነ ከውጭ ሆኜ ውስጡን አያለሁ። ዝናቡ እንደጀመረ ጠዋት ጠዋት ክዳኑ ከውስጥ ያልበው ጀመር። ማንም ቢሆን መጀመሪያ የሚጠረጥረው ጋስኬቱን ነው። ስለዚህ በጋስኬቱ ዙሪያና ኬብሎቹ በሚገቡበት ቦታ ደረቅ ሶፍት አድርጌ ዘጋሁት። ከባድ ዝናብ ካለፈ በኋላ ስከፍተው ሶፍቱ ደረቅ ነው። እርጥበቱ ያለው ክዳኑ ላይ ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፀሐይ ሳጥኑን ስታሞቀው ውስጡ ያለው አየር ይሰፋና በሆነ መንገድ ይወጣል። ድንገት ዝናብ ሲመታው አየሩ ቀዝቅዞ ይኮማተራል፣ ውስጡ ያለው ግፊት ይወርዳል። ያኔ ሳጥኑ ከውጭ አየር ይስባል፤ የሚስበው አየር ደግሞ በእርጥበት የተሞላ ነው። ሌሊት እርጥበቱ በጣም የቀዘቀዘው ቦታ ላይ፣ ማለትም ክዳኑ ላይ፣ ውሃ ይሆናል። ወጥቶ እንዳይሄድ ሳጥኑ ጥብቅ ነው። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይጠራቀማል። የአይፒ ፈተና ይህን አያሳይም። ሳጥኑ ላይ የሚለቀቀው ውሃ ሙቀት ከሳጥኑ ሙቀት ከ5 ዲግሪ በላይ እንዳይለያይ መስፈርቱ ራሱ ይጠይቃል። ፀሐይ ያጋለው ሳጥን ላይ የሚወርድ ቀዝቃዛ ዝናብ ከዚህ ጋር አይገናኝም።

እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል ከረጢት ሞከርኩ። ለጥቂት ቀን ሠራ፤ ከዚያ ጠገበና ዋጋ አጣ። መፍትሔ የሆነው መተንፈሻ ቡሽ ነው። አየርና እንፋሎት የሚያሳልፍ፣ ፈሳሽ ውሃ ግን የማያሳልፍ ስስ ሽፋን ውስጡ አለው። ቡሹ ራሱ ቢያንስ የሳጥኑን ያህል ደረጃ ሊኖረው ይገባል። ከሳጥኑ ሥር በኩል አስገባሁት። ከዚያ ወዲህ ክዳኑ የሚያልበው አልፎ አልፎ ነው፤ ረፋድ ላይ ይደርቃል። ለሳጥኑ ካወጣሁት ገንዘብ ይልቅ ለዚህች ትንሽ ቡሽ ያወጣሁት ነው ይበልጥ የጠቀመኝ።

ሌላው ወሳኝ ነገር ኬብል ግላንድ ነው፤ ኬብሉ ወደ ሳጥኑ የሚገባበትን ቀዳዳ አጥብቆ የሚዘጋው ማለት ነው። ቁጥሩ የተሰጠው ፋብሪካው እንደሠራው ለተዘጋ ሳጥን ነው። እኛ የምንበሳው እያንዳንዱ ቀዳዳ ደረጃውን በእኛ እጅ ላይ ይጥለዋል። ግላንዱ የኬብሉን ውፍረት በልክ መያዝ አለበት። ኤም 20 የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሚሊ ሜትር አካባቢ ያለ ክብ ኬብል ይይዛል። ሁለት ኬብል ባንድ ግላንድ ማሳለፍ ወይም ነጠላ ሽቦዎችን ጠቅልሎ ማስገባት አይሆንም፤ በመሃላቸው ክፍተት ይቀራል። ክፍተቱን በሲሊኮን መድፈንም አይጥመኝም፤ ከኬብሉ ላይ ይላቀቃል። እኔ ሁሉንም ከታች ነው ያስገባሁት። ኬብሉ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ጎበጥ እንዲል አድርጌዋለሁ፤ በላዩ የሚወርደው ውሃ እዚያው ጉብጠቱ ላይ ይንጠባጠባል። ሳጥኑን ለመስቀልም ከጋስኬቱ ውጭ ያሉትን የማዕዘን ቀዳዳዎች ብቻ ተጠቀምኩ። የጀርባውን መሃል በድሪል ሊበሳ የሚነሳ ባለሙያ ካያችሁ እባካችሁ አስቁሙት።

ቁጥሩ የማይናገራቸው ነገሮችም አሉ። ስለ ፀሐይ ምንም አይልም፤ የክዳኔ ጠርዝ ቢጫ መሆን ጀምሯል። ስለ ዝገትም አይልም። አብረውት የመጡት የክዳን ብሎኖች ስለዛጉ በማይዝግ ብረት ቀየርኳቸው። የምት ጥንካሬ የሚለካው አይኬ በሚባል ሌላ ምልክት ነው፤ አይኬ 08 የ5 ጁል፣ አይኬ 10 የ20 ጁል ምት ይችላል። ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ቦታ ከሆነ ይህንንም እዩ።

ሙቀቱ ግን ያሳስበኛል። አቧራ የማያስገባ ሳጥን ሙቀትም በቀላሉ አያስወጣም። ኮንታክተሩ ራሱ ይሞቃል፣ ፀሐይ ትጨመርበታለች። ከላይ ትንሽ የቆርቆሮ ጥላ ሠራሁለት፤ ከግድግዳውም ትንሽ አራቅኩት። ሲነካ ልዩነቱ በእጅ ይታወቃል። ምርጫ ካላችሁ ፈካ ያለ ቀለም ያለውንና ከሚያስፈልጋችሁ አንድ ደረጃ የሰፋውን ውሰዱ።

ጋስኬቱ እስካሁን ደህና ነው። በጣት ስጫነው ተመልሶ ይነሳል፣ ስንጥቅም የለውም። ብሎኖቹን ሳጠብቅ በማዕዘን እያቀያየርኩ ነው፤ ባንድ ወገን ብቻ ከጠበቀ ሌላው ወገን ይነሳል።

ሳጥኑን ደግሜ እገዛዋለሁ፣ ለዚህ ቦታ። በረንዳ ሥር ላለው ለመብራቶቹ መቆጣጠሪያ ግን 66 አልፈለግኩም። እዚያ ዝናብ በቀጥታ አይደርስም፤ የሚያሰጋው አቧራና አልፎ አልፎ የሚረጭ ውሃ ነው። አይፒ 54 ሰቀልኩበት።