ቱሉ ዲምቱ ያለችው የኮሚክ ኪራይ ኮንቴይነር

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ አራት ዓመቴ ነው። ከብሎካችን ፊት ለፊት ያለችው ኮንቴይነር በዚህ ጊዜ ውስጥ አትክልት ቤት ሆናለች፣ ፀጉር ቤት ሆናለች፣ ብዙ ወርም ተዘግታ ከርማለች። አሁን ኮሚክ ታከራያለች። እውነቴን ነው፣ ኮሚክ፤ በሥዕል የሚተረክ መጽሐፍ።

ዋጋውን ልንገራችሁ። አንድ ቅጽ በቀን 20 ብር ነው። መያዣ 300 ብር። መታወቂያ አይቀበልም። "መታወቂያቸውን ትተው የቀሩ አሉ እህቴ" ብሎ አከራዩ መሳቢያውን ከፍቶ ሦስት መታወቂያ አሳየኝ። መጽሐፎቹ ያገለገሉ ናቸው፣ በእንግሊዝኛ። የሚከፍተው ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ነው፤ ቀን ሌላ ሥራ አለው። ቀደም ብሎ ቢከፍትም አልመክርም። ቆርቆሮውን ፀሐይ ሲመታው ውስጡ ምጣድ ነው።

በግራ ግድግዳ ማንጋ (የጃፓኖቹ ኮሚክ)፣ በቀኝ የአሜሪካኖቹ ጀግኖች። ከማንጋው በላይ በእጅ የተጻፈ ካርቶን ተሰቅሏል፦ "ከቀኝ ወደ ግራ ይነበባል። ተገልብጦ ታትሟል ብለው እንዳይመልሱ።" እንደዚያ ብሎ የመለሰ ሰው መኖሩ ገባኝ።

የሁለቱን ልዩነት መደርደሪያው ራሱ ይናገራል። ማንጋው 1፣ 2፣ 3 እያለ ይሄዳል። እንደ ወላቃ ጥርስ መሃል መሃሉ ቢጎድልም መነሻና መድረሻው ይታወቃል። የቀኙ ግን ጉድ ነው። ስፓይደርማን ፈልጌ "ቁጥር 1 የቱ ነው?" አልኩት። "የትኛው ቁጥር 1?" አለኝ። ሁለት አወጣልኝ፤ ርዕሳቸው አንድ፣ ዓመታቸው የተለያየ። አሳታሚው አዲስ አንባቢ ሲፈልግ ቆጠራውን እንደገና ከ1 ይጀምራል።

አከራዩ የለየለት የማንጋ ወገን ነው። "እነዚህ ያንኑ ነው የሚያላምጡት፣ ፈጠራ ያለው እዚህ ነው" ይላል ወደ ግራ እያሳየ። እዚህ ላይ አልተስማማንም። ከራሱ ማንጋ ድራጎን ቦልን አነሳሁበት። ፕላኔቱ የጠፋ ሕፃን በመንኮራኩር ምድር ላይ ያርፋል። ደግ ሰው አግኝቶ ያሳድገዋል። ሲያድግ ምድርን ያድናል። ይሄ ማነው?

"ጎኩ" አለ።

ሱፐርማንም እኮ ነው፣ ያውም በፈረንጆቹ ከ1938 ጀምሮ። ትንሽ ዝም አለና "ጎኩ ግን ጭራ አለው" አለኝ። ጭራውም ቢሆን ከቻይናው የዝንጀሮ ንጉሥ የድሮ ታሪክ የመጣ ነው። ይህን ስነግረው ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ።

የግራው ግድግዳም ያው የታወቀ መንገድ አለው። ደካማ ልጅ ይለማመዳል፣ ውድድር ይገባል፣ ያሸነፈው ጠላት ጓደኛው ይሆናል፣ ከዚያ የባሰ ጠላት ይመጣል። ብዙዎቹ የወጡበት ሾነን ጃምፕ የተባለው የጃፓን ሳምንታዊ መጽሔት የሚታወቀው "ወዳጅነት፣ ጥረት፣ ድል" በሚሉ ሦስት ቃላት ነው። የአንባቢ ድምፅም ይሰበስባል። በድምፅ ወደ ኋላ የቀረ ታሪክ ይቋረጣል። እንዲህ እያለ ማን ደፍሮ ከመንገዱ ይወጣል?

የሚወጣ አለ። ስላም ደንክ የተባለውን ማንጋ ያላነበባችሁ ይህን አንቀጽ ዝለሉት። 31 ቅጽ የቅርጫት ኳስ ነው። ልጆቹ የአገሪቱን ኃይለኛ ቡድን ገጥመው ያሸንፋሉ። ከዚህ በኋላ ዋንጫ ነው ብላችሁ ስትጠብቁ በቀጣዩ ጨዋታ ተሸንፈው ይወጣሉ፤ እሱም በጥቂት መስመር ተነግሮ ያልፋል። ደራሲው ታኬሂኮ ኢኖዌ በፈረንጆቹ 1996 እዚያው ላይ አቆመው። የትልቁ ጨዋታ ማብቂያ ደግሞ ንግግር የለውም ማለት ይቻላል። ጫማ፣ ላብ፣ እጅ፣ ኳስ። የመጨረሻውን ቅጽ ሽሮ ጥጄ ነበር የጀመርኩት፤ ሽሮው ሳይንተከተክ ጨረስኩት። 20 ብሬ በሩብ ሰዓት አለቀች ብዬ ተናደድኩ። ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሼ አንዷን ገጽ ሳይ ሽሮው ገነፈለ።

በቀኙ ግድግዳ እንዲህ ያለ መጨረሻ አይገኝም። ጀግናው የኩባንያው ንብረት ነው። ደራሲው ይሄዳል፣ ሰዓሊው ይሄዳል፣ ባለካባው ይቀራል። ሱፐርማንን በፈረንጆቹ 1992 ገደሉት፣ በ1993 መለሱት። ይህን ለእናቴ ነገርኳት፤ የቱርክ ድራማ እያየች ነበር። እሷ የራሷ ሕግ አላት፦ "አስከሬኑን ካላሳዩሽ አልሞተም።" አሳይተዋል እማዬ፣ ቀብረውታልም አልኳት። "እሱንስ አበዙት" አለች።

ያም ሆኖ አልንቃቸውም። ስፓይደርማን በፈረንጆቹ 1962 ሲጀምር ታሪኩ 11 ገጽ ብቻ ነበር። ሌባ ሲያመልጥ እያየ ምን አገባኝ ብሎ ያለፈ ልጅ፣ ያው ሌባ አጎቱን ይገድልበታል። ስንት ጊዜ ደግመው እንደተረኩት መቁጠር ትቻለሁ። ግን ትዝታ የሚዘፍን ሁሉ የሚይዘው ያንኑ ቅኝት ነው። ይሄንንማ ሰምቼዋለሁ ብሎ የሚነሳ የለም፤ ይኼኛው ድምፁን የት ላይ ይሰብረው ይሆን ብሎ ይጠብቃል። ከኮንቴይነሯ ከወሰድኳቸው አራት ስፓይደርማኖች ሦስቱ ሰልችተውኛል። ለአራተኛው ሁለት ቀን ጨምሬ ከፍያለሁ።

ከአምስት አራት እሰጣታለሁ። አንዱን የቀነስኩት በጎደሉት ቅጾች ነው። አከራዩ ቀድሞ አይነግራችሁም፤ ስትደርሱበት ነው የምታውቁት። ስላም ደንክ 28 የለም። በትልቁ ጨዋታ መሃል ከ27 ወደ 29 ዘለልኩ። "ከታች ብሎክ ያለ ልጅ ወስዶ ቀረ፣ ለ300 ብር ብሎ" አለኝ።

አንተ ልጅ፣ ይህን ካነበብክ የዘገየህበትን ኪራይ እኔ እችላለሁ። መጽሐፉን ብቻ መልስ።