ኦፊስ፣ ፎቶሾፕና ዊንዶውስ ወይስ ነፃዎቹ? ፋይላችሁ ወደ ማን እንደሚሄድ አይታችሁ ምረጡ

ባለፈው ክረምት የአክስቴ ልጅ ላፕቶፗን ይዛ መጣች። የመመረቂያ ጽሑፏን ልታስረክብ አራት ቀን ቀርቷታል። ወርድ ግን አልጽፍ ብሏታል። ከላይ ቀይ መስመር ወጥቶ ላይሰንስ የለህም ይላል። ላፕቶፑን የገዛችበት ሱቅ ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ሳይከፈልበት እንዲሠራ ላይሰንሱ የተሰበረ ኦፊስ ጭኖ ነበር የሰጣት። እሷ ከዕቃው ጋር አብሮ የተገዛ መስሏታል። ፍላሿን ስሰካው ደግሞ ፎልደሮቿ በሙሉ ሾርትከት ሆነዋል። ቫይረስ ገብቷል ማለት ነው።

ፋይሎቿን ካጸዳሁ በኋላ ሊብሬኦፊስ የሚባለውን የኦፊስ ነፃ ምትክ ጫንኩላት። ጽሑፏ ተከፈተ። ሁለት ሠንጠረዥ ትንሽ ተንሸራቶ ነበር፤ አስተካከልነው። ማታውኑ መጻፏን ቀጠለች።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው "እኔስ የትኛውን ልጠቀም?" ብሎ ይጠይቀኛል። መልሴ ለሁሉም አንድ አይደለም። መጀመሪያ መልሼ የምጠይቀው "የሠራኸው ፋይል ወደ ማን ነው የሚሄደው?" የሚል ነው። ራሳችሁ ጋ የሚቀር ወይም ታትሞ የሚያልቅ ከሆነ ነፃው ይበቃል። ሌላ ሰው ተቀብሎ የሚቀጥልበት ከሆነ ግን እሱ የሚጠቀመውን ማወቅ አለባችሁ።

የሚከፈልበት፣ ክራኩና ክፍት ምንጩ

ፈረንጆቹ ሲያወዳድሩ የሚከፈልበትንና ነፃውን ነው። እኛ ጋ ሦስተኛ አለ፤ ክራኩ። ብዙ ሰው "ኦፊስማ በነፃ አለኝ" ሲል እሱን ማለቱ ነው።

የሚከፈልበት ማይክሮሶፍት 365 (ኦፊስ በኪራይ) ለአንድ ሰው አሜሪካ ውስጥ በዓመት 99.99 ዶላር ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 2025 መጀመሪያ ድረስ 69.99 ነበር። እስከ ስድስት ሰው የሚጠቀምበት የቤተሰቡ 129.99 ዶላር ነው። ለገንዘቡ ጥሩ ነገር ይሰጣል፤ በነፍስ ወከፍ 1 ቴራባይት የኢንተርኔት ማስቀመጫ አለው። ክፍያው ሲቋረጥ ግን ፋይሉን ማየትና ማተም እንጂ ማረም አይቻልም። አንዴ ከፍሎ መገላገል ለሚፈልግ ኦፊስ ሆም 2024 አለ፤ ሲወጣ 149.99 ዶላር ነበር፣ ለአንድ ኮምፒውተር ብቻ። ከኢትዮጵያ ለሚከፍል ሰው ዋጋው ብቻ አይደለም ችግሩ። በዶላር የሚከፍል ካርድ ማግኘት ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።

ክራኩ ገንዘብ አይጠይቅም። ሊጫን ሲል ግን "አንቲቫይረሱን አጥፋ" ይላል። ማን እንደነካካው የማናውቀው ፕሮግራም በኮምፒውተራችን ላይ ሙሉ ሥልጣን እንዲይዝ ፈቀድን ማለት ነው። በዚያው ኮምፒውተር ደግሞ ኢሜይላችንንና የባንክ አካውንታችንን እንከፍታለን። ክራክ የሚጠቀመውን ሰው አልወቅስም፤ አማራጭ እንዳለ የነገረው የለም። እኔ ግን ከሦስቱ የማልመክረው እሱን ብቻ ነው።

ክፍት ምንጭ የሚባለው ኮዱ ለሁሉም የተገለጠ ሶፍትዌር ነው። ማንም ሊያየው፣ ሊያሻሽለው፣ ሊያባዛው ይችላል። ለእኛ ትልቁ ነገር ማባዛቱ ነው። የሊብሬኦፊስ የዊንዶውስ መጫኛ 350 ሜጋባይት ገደማ ነው። አንድ ሰው አንዴ አውርዶ ለአሥር ጓደኛ በፍላሽ ቢሰጥ ሕጋዊ ነው። አንድ ትምህርት ቤት በአንድ ዳውንሎድ ሙሉ የኮምፒውተር ክፍሉን መጫን ይችላል።

ወርድና ኤክሴል ከሊብሬኦፊስ ጋር

ሊብሬኦፊስ እ.ኤ.አ. በ2010 ከኦፕንኦፊስ ተገንጥሎ የወጣ ነው። ጽሕፈት ቤቱ በርሊን የሆነ ዘ ዶክዩመንት ፋውንዴሽን የሚባል ድርጅት ይመራዋል። ኦፕንኦፊስ እራሱ ዛሬም ይገኛል፤ ነገር ግን እድገቱ እጅግ ስለዘገየ ከሁለቱ አዲሱን ውሰዱ። ለወርድ ራይተር፣ ለኤክሴል ካልክ፣ ለፓወርፖይንት ኢምፕረስ አለው። ሜኑውን በአማርኛ ማድረግም ይቻላል።

ደብዳቤ፣ ሲቪ፣ የቤት ሥራ፣ የዕድር መዝገብ፣ የሱቅ ወጪና ገቢ ለሚሠራ ሰው ልዩነቱ አይታየውም። ካልክ ልክ እንደ ኤክሴል ከአንድ ሚሊዮን በላይ ረድፍ ይይዛል። የተለመዱት ፎርሙላዎች በዚያው ስማቸው ይሠራሉ።

ልዩነቱ የሚታየው ፋይሉ ሲመላለስ ነው። አማካሪያችሁ በወርድ አርሞ ይመልሳል፣ እናንተ በራይተር አርማችሁ ትልካላችሁ፣ እሱ እንደገና ያርማል። አስተያየቶቹና እርማቶቹ ይተላለፋሉ። ግን በሦስተኛውና በአራተኛው ምልልስ ሠንጠረዥ ይንሸራተታል፣ ሥዕል ቦታ ይቀይራል። የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ይህ ያደክማል። የአክስቴ ልጅ ያመለጠችው መጨረሻው ላይ ስለነበረች ነው። ገና የምትጀምሩ ከሆነና አማካሪያችሁ ወርድ ብቻ የሚጠቀም ከሆነ ጽሑፉን በራይተር ጻፉ፣ የመጨረሻውን ቅርጽ ግን ወርድ ባለው ኮምፒውተር አስተካክሉ።

ኤክሴል ላይ ደግሞ ማክሮ (ፋይሉ ውስጥ የተጻፈ፣ ሥራውን በራሱ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም) ያለው ፋይል ከመሥሪያ ቤት የሚመጣላችሁ ከሆነ ካልክን አትመኑ። አንዳንዱ ማክሮ ይሠራል፣ አንዳንዱ አይሠራም። ደመወዝ በዚያ ፋይል የሚሰላ ከሆነ "አንዳንዱ" አይበቃም። መሥሪያ ቤቱ ኤክሴሉን ይግዛ።

ሊብሬኦፊስ ስትጭኑ ሁለት ነገር ቀይሩ። አንደኛ፣ ሁልጊዜ በወርድና በኤክሴል ቅርጸት እንዲያስቀምጥ አድርጉት፤ ቱልስ፣ ኦፕሽንስ፣ ከዚያ ሎድ/ሴቭ የሚለው ውስጥ ታገኙታላችሁ። ይህን ሳያደርጉ ፋይል ልከው "አልከፈት አለኝ" የተባሉ ብዙ ናቸው። ሁለተኛ፣ መልኩን ካልለመዳችሁት ቪው ውስጥ ዩዘር ኢንተርፌስ የሚለውን ከፍታችሁ ታብድ የሚለውን ምረጡ። ከላይ ያለው አሠላለፍ ከወርድ ጋር ይቀራረባል።

የጉግል ሰነዶችና በብራውዘር የሚከፈተው ወርድም በነፃ ይገኛሉ። ክፍት ምንጭ ግን አይደሉም፣ ደህና ኢንተርኔትም ይፈልጋሉ። ሁለት ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ አንድ ጽሑፍ ላይ ለመሥራት ከሁሉም የሚሻሉት እነሱ ናቸው። ኔትወርክ ሲጠፋ ግን አብሮ መሥራቱ ይቆማል።

የአማርኛ ጽሑፍ ነገር

ይህን ነጥብ ማንም የውጭ ጽሑፍ አይነግራችሁም። "ሊብሬኦፊስ አማርኛዬን አበላሸው" የሚል ቅሬታ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሊብሬኦፊስ አይደለም።

ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደላት መለያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት፣ ጽሑፋችን የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ፊደል ቦታ ላይ የግዕዝ ቅርጽ በሚስሉ ፎንቶች ነበር። ያ ፎንት ከሌለ ጽሑፉ ትርጉም የሌለው የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ሆኖ ይታያል። በወርድም ቢሆን ያው ነው። የድሮ ፋይል ካላችሁ ፎንቱን ፈልጋችሁ ጫኑ፣ ወይም ወደ ዩኒኮድ አስለውጡት።

ሁለተኛው ምክንያት ኒያላ ነው። ኒያላ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣ ፎንት ነው። ዊንዶውስ 10 ላይ እንኳ ተጨማሪ ሆኖ ካልተጫነ የለም። የዊንዶውስ ነፃ ምትክ በሆነው ሊኑክስ ላይ ጭራሽ የለም። በኒያላ የተጻፈ ጽሑፍ ኒያላ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ሌላ ፎንት ይተካዋል፣ አሥራ ሁለት ገጽ የነበረው አሥራ ሦስት ይሆናል። መፍትሔው ቀላል ነው። አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ተጠቀሙ። ሁለቱም ነፃ ናቸው፣ በየትኛውም ኮምፒውተር ይጫናሉ። ወደ ኮፒ ቤት የሚሄድ ጽሑፍ ከሆነ ደግሞ በፒዲኤፍ ውሰዱት። ፒዲኤፍ ፎንቱን ይዞ ስለሚሄድ እዚያ ምንም ቢጫን ጽሑፉ አይነቃነቅም።

ለመተየብ ፓወር ግዕዝ የለመደ ሰው ብዙ ነው። ኪማንን ሞክሩት። ቀድሞ ይሸጥ ነበር፤ ዛሬ ነፃም ክፍት ምንጭም ነው። በእንግሊዝኛ ፊደል ድምፁን ስትጽፉ ግዕዙን ያወጣል። በዊንዶውስ፣ በማክ፣ በሊኑክስና በስልክ ይሠራል። ጣታችሁ አንድ አጻጻፍ ከለመደ በሁሉም ዕቃ ያው ነው። እኔ ለዚህ ስል ብቻ ወደ እሱ ተሻግሬያለሁ።

ፎቶሾፕ ከጊምፕ ጋር

እዚህ ጋ እውነቱን ልናገር። ጊምፕ የሚባለው ክፍት ምንጭ የፎቶ ማስተካከያ ፎቶሾፕን አይተካም፤ ተራ ሰው በፎቶሾፕ የሚሠራውን ግን ይሠራል። ፎቶ መቁረጥ፣ ብርሃን ማስተካከል፣ ከጀርባ ያለውን ማጥፋት፣ ጉርድ ፎቶ ማዘጋጀት፣ ለፌስቡክና ለቴሌግራም ፖስተር መሥራት፤ ለዚህ ሁሉ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በማርች 2025 የወጣው 3.0 ደግሞ የቀደመውን ትልቅ ቅሬታ መልሷል። ፎቶው ላይ ያደረጋችሁትን ኢፌክት በኋላ ተመልሳችሁ ማስተካከል ትችላላችሁ።

እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ የወጣው ፎቶሾፕ በኪራይ እንጂ በሽያጭ አይገኝም። ብቻውን በወር ከ20 ዶላር በላይ ነው። በዓመት ሁለት የልደት ፎቶ ለሚያስተካክል ሰው ይህን መክፈል አይገባም።

ማተሚያ ቤት የሚያሠራ ሰው ግን ይጠንቀቅ። የሠርግ መጥሪያ፣ ባነር፣ መጽሔት የሚታተመው ሲ.ኤም.ዋይ.ኬ በሚባለው የቀለም አሠራር ነው። ጊምፕ በመሠረቱ የሚሠራው በስክሪን ቀለም ነው፤ ወደ ህትመት ቀለም የሚለውጠው መጨረሻ ላይ ነው። ማተሚያ ቤቱ የፎቶሾፕ ፋይል ከነሌየሩ (ለየብቻ ከሚታረሙት ንብርብሮቹ ጋር) ከጠየቃችሁ ደግሞ ጊምፕ ከፍቶ መመለስ ቢችልም አንዳንድ ነገር ይጠፋል፤ ጽሑፉ እንደ ሥዕል ሆኖ ሊቀር ይችላል። ግራፊክስ እንጀራችሁ ከሆነ ፎቶሾፕን ክፈሉበት፣ ወጪውን ደንበኛው ይመልሰዋል።

በእጅ የሚሥል ሰው ከጊምፕ ይልቅ ክሪታን ይውሰድ። የህትመት ቀለሙንም በደንብ ይችላል። ሎጎ የሚሠራ ደግሞ ኢንክስኬፕን ይሞክር፤ የኢሉስትሬተር ምትክ ነው፣ ለአንድ ሱቅ ሎጎ ምንም አይጎድለውም።

ሳታስቡ የምትቀይሯቸው

ቪ.ኤል.ሲን ብዙዎቻችሁ ክፍት ምንጭ መሆኑን ሳታውቁ ለዓመታት ተጠቅማችሁበታል። ፓሪስ አቅራቢያ የተማሪዎች ሥራ ሆኖ ጀምሮ እ.ኤ.አ. በ2001 ክፍት ሆነ። ለቪዲዮ ማያ ገንዘብ አትክፈሉ። የተጨመቀ ፋይል የሚከፍተው ዊንራር የ40 ቀን ሙከራ ነው፤ ሰቨን-ዚፕ ሁልጊዜም ነፃ ነው፣ የራር ፋይልም ይከፍታል። ድምፅ ለመቅረጽና ለመቁረጥ ኦዳሲቲ በቂ ነው። ለፓስዎርድ ኢንተርኔት የማይፈልገው ኪፓስኤክስሲ፣ ወይም ስልክና ኮምፒውተር ላይ አንድ ላይ የሚሠራው ቢትዋርደን አለ።

ዊንዶውስ ወይስ ሊኑክስ ሚንት

ዊንዶውስ 10 እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ አሮጌ ኮምፒውተር አይቀበልም። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነ ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ይጠይቃል፤ ቲ.ፒ.ኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕም ይፈልጋል። እኛ ጋ በብዛት የሚሸጠው ያገለገለ ላፕቶፕ ደግሞ ከዚያ በታች ነው። ዕቃው ግን ገና ይሠራል።

በዊንዶውስ ቦታ የሚጫነው ሊኑክስ ሚንት ለእንደዚህ ያለው ላፕቶፕ ነው። 4 ጊጋባይት ራም ካለው በደንብ ይሄዳል። ፋየርፎክስና ሊብሬኦፊስ አብረውት ይመጣሉ። ታች በግራ ያለው ሜኑ ዊንዶውስ ለለመደ ሰው አይከብድም። ሾርትከት ቫይረሱ የተሠራው ለዊንዶውስ ስለሆነ እዚህ ገብቶ ራሱን ማስነሳት አይችልም። በየኮፒ ቤቱ ፍላሽ የሚሰካ ሰው ለዚህ ብቻ ሲል ቢቀይር ያዋጣዋል።

የማይቀይሩም አሉ። ፒችትሪ የሚሠራ የሂሳብ ሠራተኛ ዊንዶውስ ላይ ይቆይ። ግኑካሽ የሚባል ክፍት ምንጭ የሂሳብ ፕሮግራም አለ፤ ለግል ወጪና ለትንሽ ሱቅ ጥሩ ነው። ቀጣሪው የሚጠይቀው ግን ፒችትሪን ነው። አውቶካድ የሚሠራ ኢንጂነርም እንደዚሁ። ፋይሉ የሚሄደው ወደ ሌላ ኢንጂነር ስለሆነ ብቻውን መቀየር አይችልም።

ሚንትን ሳትጭኑት በፍላሽ አስነስታችሁ መሞከር ትችላላችሁ። ዋይፋዩ ይሠራል? ፕሪንተሩ ይታያል? ድምፅ አለ? ከሦስቱ አንዱ እምቢ ካለ ፍላሹን ንቀሉት፣ የነበረው ዊንዶውስ ሳይነካ ይጠብቃችኋል። ከመጫናችሁ በፊት ፋይላችሁን ሌላ ቦታ ገልብጡ፤ ይህን አደራ እላለሁ።

ሊብሬኦፊስንም ለመሞከር ወርድን ማጥፋት አያስፈልግም፤ ሁለቱ አንድ ኮምፒውተር ላይ አብረው ይኖራሉ። ስታወርዱ ከራሱ ገጽ፣ ከሊብሬኦፊስ ዶት ኦርግ አውርዱ። ጉግል ላይ መጀመሪያ የሚመጣውን ማስታወቂያ አትንኩ። ከዚያ በሳምንት ውስጥ በጣም የምትነኳቸውን አምስት ፋይሎች በሱ ክፈቱ፣ አርሙ፣ ለምትልኩለት ሰው ላኩና "ደህና ተከፈተልህ?" ብላችሁ ጠይቁ።